ፊቱን ወደ መስኮት ያዞረ ሠርግ

ጥቅምት 4

ለማከብርሽና ለምወድሽ አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ባለሽበት ደኅና ሁኚልኝ፤ እጅሽ አይዛል፣ ጉልበትሽ አይድከም፣ ይሄ ክፉ በሽታ ደጅሽን አይርገጥ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንዳትይኝ። እንቅስቃሴ ከተገደበ ወዲህ ሁላችንም አንድ ቤት ታጉረን ነው የምንውለው። ካንቺ ጋር በስልክ ሳወራ አንቺ እኔን ለጠየቅሽው እማዬ ከወጥ ቤት ትመልስልሻለች፤ ያልጠየቅሽውንም ጨምራ። ስለዚህ ቁም ነገር ሲሆን በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። አንቺም በኢሜይል ጻፊልኝ፣ የምከፍተው እኔ ብቻ ነኝ።

ቁም ነገሩ ይኸውልሽ፤ ሠርጌ አልተራዘመም። የተከራየነው አዳራሽ በሩ ላይ ሰንሰለት ገብቶበታል። መሥሪያ ቤታችን ያሉት ሙሽሮች ሁሉ «ወረርሽኙ ሲያልፍ» እያሉ ለከርሞ አስተላልፈውታል። እኛ ግን ኅዳር 20 እዚሁ ጓሯችን ውስጥ እንጋባለን። ከሃያ ሰው በላይ አይፈቀድም፣ ሃያውም ተራርቆ ይቀመጣል። ይህን የወሰነው አባዬ ነው። «ከርሞ የምትሉትን አላውቀውም፤ ልጄ ስትዳር በዓይኔ ማየት የምፈልገው ዘንድሮ ነው» አለ። የወታደር ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሻለቃ ብለሽ የሾምሽው አንቺ ነሽና፣ አንዴ ካዘዘ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ።

እኔም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባዬ የሚያየው ነገር ሠርግ ይምሰል። ስንቱን ትልልቅ አዳራሽ ስታስጌጪ የኖርሽ ሴት ይህቺን ጓሮ ምን ታደርጊያት ነበር? አንቺ ከሄድሽ በኋላ የገባንበት ቤት ስለሆነ አታውቂውም፤ ፎቶ ልኬልሻለሁ። አንድ የዘይቱን ዛፍ፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አጥሩ ላይ የተንዘረፈፈ ቡገንቪሊያ ነው ያለን። ብረት በሚያስፈልገው ነገር አትስጊ፤ እጮኛዬ በያጅ ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ ሳይበይደው የቀረ ነገር የለም። የቸገረን ጥሩ ሪባን ነው፤ ከቻልሽ ላኪልኝ።

አባዬ ሰላም ብሎሻል።

ያንቺው ቁንዶ

ጥቅምት 9

ለቁንዶዬ፣ ትንሽ ሆና ለምታቃጥለዋ፤

እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለን! ጎጆሽ የሞቀ፣ ሳቅ የማይጠፋበት ይሁንልሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት እዚህ የምሠራበት አበባ መሸጫ ውስጥ ቆሜ ነው። በደስታ ስጮኽ አሠሪዬ አንዱን ማሰሮ ሙሉ አበባ ልትደፋ ነበር።

ፎቶውን አሳድጌም አሳንሼም አየሁት። ጓሮ ነው ብለሽ አትናቂው። አዳራሽ ውስጥ ግማሹ ሥራዬ አስቀያሚ ጣራ መደበቅ ነበር፤ እዚህ ጣራው ሰማይ ነው።

አሁን በደንብ ስሚኝ። የውሃ ታንከሩን እርሺው። ዛፉም ጠማማ ነው፣ እርሺው። ያንቺ ሀብት አንሶላ የተሰቀለበት ግድግዳ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ከጓሮው በር ሲገቡ ፊት ለፊት የሚገኝ። የእኔ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፤ የዲኮር ፊቱ ወደ በሩ ነው። እንግዳው ገና እግሩን ሲያስገባ «ኧረ!» ካላለ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። አንሶላውን አንሡትና ያን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጨርቅና አበባ እናለብሰዋለን። ነጭ በነጭ። ነጭ ጽጌረዳ፣ ነጭ ሊሊ፣ ከሥሩ ለስለስ ያለ ቅጠል። ሙሽሮቹ ከፊቱ ትቆማላችሁ፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ሻለቃው ግን ምን ሆኗል? ስደውል «ተኝቷል»። እንደገና ስደውል «አሁን ገና ጋደም አለ»። ዕድሜውን ሙሉ ያላንቀላፋው ሰውዬ አሁን ነው እንዴ የሚያካክሰው? በሠርጉ ቀን እንግዳውን ሁሉ አሰልፎ ወንበር ሲያስተካክል ይታየኛል፤ እዚያ አለመገኘቴ የሚቆጨኝ ለዚያ ነው። ሪባኑን እፈልጋለሁ። ለአበባውም የሚሆን ነገር እልካለሁ፣ እንዳትከራከሪኝ።

ሳሚልኝ ሁሉንም።

አክስትሽ

ጥቅምት 19

ለውዷ እቴቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ዕቅድሽ ልብ ያጠፋል። ለእጮኛዬ ሳነብለት በግራ እጁ የበያጅ መነጽሩን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ያ ግድግዳ ግን አይሆንም እቴቴ። እርጥበት አለው፣ ጨርቁን ያበላሸዋል። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለሚያርፍበት አበባውን ያጠወልገዋል። ጉንዳንም ይወጣበታል። እማዬም አትወደውም። እስቲ አጥሩን እይልኝ፤ ወይም ታንከሩን ብንሸፍነውስ?

ገንዘብ አትላኪ፣ በቡገንቪሊያችን እንወጣዋለን። ሪባኑንም ተይው። ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ እዚያ ፋርማሲዎች ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ይሸጣሉ? እዚህ ጠፍቷል። ጎረቤታችን ይፈልጉታል። በፈጣን መልእክት ብትልኪው ለጽድቅም ይሆንሻል።

አባዬ ደኅና ነው። ጉሮሮውን ትንሽ ይዞት ነው ስልክ የማያነሣው፤ ሲሻለው ራሱ ይደውልልሻል።

ቁንዶ

ጥቅምት 21

ለሙሽራዋ፤

ጤና ይስጥሽ፣ ማስተዋሉንም ይጨምርልሽ።

እርጥበትና ፀሐይ ባንድ ግድግዳ ላይ? ቁንዶዬ፣ አንዱን ምረጪ። ጉንዳኑስ የትኛውን ወዶ ነው የሚወጣው? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሥራዬን ካላመንሽው «አላመንኩሽም» በይኝና ልተወው፤ ጉንዳን አታስቆጥሪኝ። ከፍቶኛል፤ ከፍቶኛል ስልሽ ደግሞ የምሬን ነው። የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው። አውሮፕላን ቆሞ፣ ድንበር ተዘግቶ፣ ከዚህ ሆኜ ልሠራላችሁ የምችለው ይህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ካንቺ ጋር ከምነታረክ ጨርቁና አበባው የሚሰቀልበትን የብረት ፍሬም ልክ ለበያጁ ልኬለታለሁ። የግድግዳውን ጡብ ከፎቶው ላይ ቆጥሬ ነው የለካሁት። ደስ የሚል ልጅ ነው፤ «እሺ እቴቴ» ከማለት ሌላ አያውቅም። ካንቺ ጋር እንዴት እንደሚኖር እንጃ።

አንድ ለውጥ አለ። ነጩን ትቼዋለሁ፤ አንድም ነጭ አበባ እንዳይገባ። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ያገኛችሁትን ደማቅ ሁሉ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

መለኪያውን ዛሬውኑ ገዝቼ ልኬዋለሁ። ለጎረቤት ነው ካልሽ ለጎረቤት ነው። እግዜር ይማራቸው በይልኝ።

አክስትሽ

ኅዳር 2

ለእቴቴ፤

ከሁሉ በፊት፤ አባዬ በሕይወት አለ፣ ይህን ስጽፍልሽ ቁጭ ብሎ ሾርባ እየጠጣ «ጨው አነሰው» እያለ ነው። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ ልብሽ ቀጥ እንዳይል ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሽታው ያዘው። ሆስፒታል ተኛ። በጣም ክፉ ሳምንት አሳለፍን፤ ያን ሳምንት አሁን ልጽፈው አልፈልግም። ከዚያ ወጣልን። ሳንባው ግን ገና ነው። ሐኪሙ «ሰው መሃል እንዳይገባ፤ ጓሮም ቢሆን፣ ሠርግም ቢሆን» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። የሚውለው መስኮት ሥር በተዘረጋ አልጋ ላይ ነው፤ አጠገቡ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል። መስኮቱ የሚያሳየው ጓሮውን ነው። እሱም ጓሮ ውስጥ ካላችሁ እዚሁ ሆኜ አያችኋለሁ ብሎ ነው ሠርጉን ዘንድሮ ያለው።

ግድግዳ ያልሽው ያ መስኮት ያለበት ነው እቴቴ። ፎቶውን ሳነሣ ሲሊንደሩ እንዳይታይሽ እማዬ ሮጣ አንሶላ ጣል አደረገችበት። እኛ አንቺን ለመሸወድ የሰቀልነውን አንቺ ባዶ ግድግዳ ነው ብለሽ ሠርጉን በሙሉ እሱ ላይ አቆምሽው። እኔም እውነቱን ላለመናገር ጉንዳን አመጣሁ።

«እንዳትነግሯት» ያለው አባዬ ነው። «እዚያ ብቻዋን ናት። መጥታ አታየኝ፤ ሰምታ ምን ታደርገው?» አለን፤ እሺ አልነው።

ትናንት እኔ ገበያ ወጥቼ ሳለሁ እጮኛዬ ፍሬሙን አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሞከረው። እሱ ስለ መስኮቱ ያውቃል። ብረቱ ክፍት ስለሆነ አባዬ በመሃል ያያል ብሎ ነበር ያሰበው፤ ጨርቁን ሲያለብሱት ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ሊያነሣው ሲል አባዬ ከውስጥ ከለከለው። ስመጣ አባዬን ጨለማ ውስጥ ጋዜጣ ይዞ እንደተቀመጠ አገኘሁት። «ተዉት፤ እሷ እዚህ ያምራል ካለች ያምራል። ብታነሡት ለምን ትላችኋለች፣ ለምን ስትላችሁ ደግሞ ትነግሯታላችሁ። እኔ በድምፁ እከታተላለሁ» አለኝ።

አንጀቴን በላኝ እቴቴ። ይሄ ሰውዬ በዓይኔ ልይ ብሎ ስንቱን አስቸኩሎ፣ አንቺን ላለማሳዘን ሲል ላለማየት ተስማማ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ፍሬሙን ራሴ ጎትቼ አወረድኩት፤ እግሬ ላይ ወድቆ እስካሁን እያነከስኩ ነው።

ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ስትጨርሺ ግን እባክሽ ሌላ ዲኮር ስጪኝ።

ቁንዶሽ

ኅዳር 9

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ልናደድ።

ወንድሜ ነው! አብረን አንድ ጋቢ ተሻምተን ያደግን ወንድሜ። እሱ ትንፋሽ አጥሮት ሲያቃስት እኔ እዚህ የሪባን ቀለም ስመርጥ ነበር። ብቻዋን ናት አላችሁኝ፤ ባትነግሩኝ ይበልጥ ብቻዬን አደረጋችሁኝ። ይህን ጽፌ ስሰርዝ፣ ጽፌ ስሰርዝ ነው ሳምንቱ ያለቀው። ለእናትሽ አንብቢላት፤ በተለይ አንሶላዋን በተመለከተ።

አሁን ወጣልኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔም የደበቅኳችሁ አለኝ። ከመጋቢት ወዲህ አንድም የሙሽራ እቅፍ አበባ በእጄ አልገባም። የምሠራው የቀብር ጉንጉን ነው። ጠዋት ነጭ ሊሊ፣ ከሰዓትም ነጭ ሊሊ። መጀመሪያ ነጭ በነጭ ያልኩሽ እጄ ለምዶት ነው፤ ደብዳቤውን ከላክሁ በኋላ ሥራዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ምን እንደጻፍኩልሽ ገባኝና ደነገጥኩ። ለሠርግሽ ጉንጉን አዝዤልሽ ነበር።

ትናንት ለእናትሽ ደወልኩና «ተኝቷል ብትዪኝ አልሰማሽም፣ ስልኩን ስጪው» አልኳት። ሰጠችው። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ካኮረፍሽ ቶሎ ጨርሺ፤ ሠርግ አለብን» አለኝ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሰ። አለቀስኩ፤ ደስም አለኝ። ትዕዛዝ እስከሰጠ ድረስ ደኅና ነው።

እንግዲህ ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ሕግ ሽሬዋለሁ። የዚህ ሠርግ ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው። አንቺ አልጋው ላይ ውጪና እሱ በሚደገፍበት በኩል ተደገፊ። በያጁ መጥረጊያ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ አንቺ እያየሽው ጓሮውን ይዙር። መጥረጊያው የተሰወረብሽ ቦታ ለእኛ የለም፤ ምንም እንዳታስቀምጪበት። ፍሬሙን ዛፉ ሥር ትከሉት። ጠማማ ነው ያልኩትን አንሥቻለሁ። እያንዳንዱ አበባ፣ እያንዳንዷ ቅጠል ወደ መስታወቱ ይዙር። ረጅም ማስቀመጫ የሚባል አይግባ፤ ሁሉም ከመስኮቱ ደፍ በታች። እንግዶቹ ግራና ቀኝ ይቀመጡ፣ መሃሉ ክፍት ይሁን። ያ ቁመተ ረጅሙ የእናትሽ ወንድም አጥር ጥግ ይሂድልኝ። የሚሸት አበባ ክልክል ነው፤ ሳሉን ይቀሰቅስበታል። ቡገንቪሊያው አይሸትም፤ ግን ቶሎ ስለሚረግፍ በዚያው ጠዋት ቁረጡትና ውሃ ውስጥ ይቆይ። መስታወቱን ደግሞ ከውስጥም ከውጭም እጠቡት፤ የዲኮሩ ግማሽ እሱ ነው።

እንግዳው ከበር ሲገባ የሚያየው የአበባው ጀርባ፣ መያዣው ሽቦና ስፖንጅ ነው። ይየው፤ ምን ታደርጊዋለሽ።

ሰላምታዬ ይኸውልሽ፤ ጤናሽ የተሟላ፣ ደስታሽ ያልጎደለ ይሁን። እግርሽን በቀዝቃዛ ውሃ ያዢው።

አክስትሽ

ኅዳር 24

ለእቴቴ፣ የእጅሽን ውበት ላሳየሽን፤

ደስ ይበልሽ! ተዳርኩልሽ። ትዳሬ ገና አራት ቀኑ ነው፤ እስካሁን አልተጣላንም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መጥረጊያው ጉድ አወጣ። ምርጥ ቦታ ነው ያልነው ሁሉ ከአልጋው አይታይም፤ ንቀን የተውነው የዛፉ ሥር ግን ወለል ብሎ ይታያል። ባሌ ፍሬሙን እዚያ ተከለው፣ እኔና እማዬ ቡገንቪሊያና ቀይ ጽጌረዳ አለበስነው። አባዬ ከውስጥ በማንኪያ መስታወቱን እየመታ ያዝዘን ነበር፤ አንዴ ከመታ ወደ ግራ፣ ሁለቴ ከመታ ወደ ቀኝ። መናገር ስለሚያደክመው ይሻላል ብዬ ነበር፤ ማንኪያው ግን ከአፉ የባሰ ሆነ።

እንግዶቹ ማስካቸውን አድርገው ሲገቡ ግራ ተጋቡ። የባሌ አጎት «ገና አላለቀም እንዴ?» አለ። አማቴማ አዘነችልን። ቤተሰቡ አያውቅበትም ብላ፣ ቀስ ብላ ሄዳ አበባዎቹን አንድ በአንድ ወደ እንግዳው ማዞር ጀመረች። ያን ጊዜ ማንኪያው መስታወቱን ቀጠቀጠው! ሰው ሁሉ ዞረ። መስኮቱ ውስጥ አባዬ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ኮትና ክራቫት አድርጎ፣ ማንኪያውን ወደ አማቴ ቀስሯል። ማንም ምንም አላስረዳቸውም። አማቴ ማስኳን ወደ ዓይኗ እየሳበች ያዞረችውን ሁሉ መልሳ አዞረች። ከዚያ የባሌ አጎት ተነሣና ወንበሩን ገፋ አደረገ። ሌላውም ገፋ አደረገ። ሁሉም ለመስኮቱ ቦታ ለቀቀ።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ሴትዮ ስታጋባን ሁለታችንም የቆምነው ፊታችንን ወደ አባዬ አዙረን ነው። ሐኪሙ እንዳትነሣ ብሎት ነበር፤ ተነሥቶ ቆመ። መዳፉን መስታወቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም። እኔ «እሺ» ያልኩት ባሌን አይቼ አይደለም፤ እሱም አልቀየመኝም። እማዬ እንደነገረችኝ ከኮቱ ሥር የለበሰው ፒጃማ ነበር። መለኪያውም ጣቱ ላይ ነበር። «ስትፈርም ቁጥሩ ከፍ አለ» ይላል አባዬ፤ እማዬ «ዋሾ» ትለዋለች።

አንድ ቅር የሚልሽ ነገር አለ። ፎቶ አንሺው ከእንግዶቹ በኩል ሆኖ ስላነሣ ሥራሽ አልወጣም። በፎቶው ሁሉ ላይ የሚታየው የአበባ ጀርባ፣ ሽቦና የእኔ ቬሎ ዚፕ ነው። የሚያምረው አንድ ብቻ ነው፤ እማዬ በስልኳ ከውስጥ ያነሣችው። ዛፉ፣ እኛ፣ ያ ሁሉ ቀይና ብርቱካናማ፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ የአባዬ ፊት ደብዘዝ ብሎ። ሁሉንም ልኬልሻለሁ።

ኑሪልን።

ቁንዶ፣ ያገባችው

ኅዳር 30

ለባለትዳሯ ቁንዶዬ፤

ከባልሽ ጋር አብራችሁ አርጁ፤ ስትጣሉም ፈጥናችሁ ታረቁ። ፎቶዎቹ ደረሱኝ። ያቺን እናትሽ ያነሣቻትን አሳትሜ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ ብቻዬን ስሆን እያወጣሁ አያታለሁ። ሰው ሲመጣ መልሼ እከታታለሁ። ሻለቃው ከስቷል። ቆሟል ግን። ደግሞም ክራቫቱ ጠማማ ነው፣ ማንም አላስተካከለለትም፤ ንገሪልኝ።

እዚህ ሥራው ያው ነው። ዛሬም ጉንጉን፣ ነገም ጉንጉን። በቀደም አሠሪዬ ሠርጉ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ያማረውን ፎቶ አላሳየኋትም፤ ያን ፎቶ አንሺው ያነሣውን ነው ስልኬን ከፍቼ የሰጠኋት። በእጇ ይዛ ብዙ አየችው። በሥራዬ አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅምና ምን እንደምትለኝ ቸገራት። ሽቦው፣ ስፖንጁ፣ የተቆረጠው ግንድ ሁሉ ፊቷ ላይ ተደቅኗል።

«ይሄ ያንቺ ሥራ ነው?» አለችኝ።

«በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው» አልኳት።

ስልኩን ወዲህም ወዲያም አዘነበለችው። «ታዲያ ፊቱ በየት በኩል ነው?»

«ወንድሜ ባለበት በኩል» አልኳት።

አክስትሽ